ስብራት ውስጥ የሚነሰነስ የአንቲባዮቲክ ዱቄት፦ ምን ይሠራል፣ ምንስ አይሠራም?

ጥያቄ፦ «ታናሽ ወንድሜ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ፣ መገጣጠሚያው አጠገብ አጥንቱ ተሰብሯል። ቆዳው አልተቀደደም። ግን እግሩ በጣም ስላበጠ ከውጭ በብረት ታስሮ እየጠበቀ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ፕሌት (አጥንቱን በብሎን የሚይዝ ብረት) ይገባለታል። ሐኪሙ ቁስሉን ከመስፋቱ በፊት ቫንኮማይሲን የሚባል የአንቲባዮቲክ ዱቄት ውስጡ እንደሚነሰንስ ነግሮናል። ዱቄቱ ካለ በደም ሥር የሚሰጠው መርፌ ለምን ያስፈልጋል? ኩላሊቱንስ አይጎዳውም? አንድ ዘመዳችን ደግሞ ቤት ከገባ በኋላም ካፕሱል እየፈታችሁ ስፌቱ ላይ ብትነሰንሱበት አያመረቅዝም ይለናል። ወንድሜ ሲጋራ ያጨሳል፤ ስኳር የለበትም።»

ምላሽ፦

የዘመድዎን ምክር አይቀበሉት። ስፌት ላይ የሚነሰነስ የካፕሱል ዱቄት አጥንቱ ዘንድ አይደርስም፤ ጉዳት ግን ሊያመጣ ይችላል። ሐኪሙ ያሰበው ዱቄት ሌላ ነገር ነው። ለወንድምዎ ዓይነት ስብራት ተገቢ ነው፤ እኔም ብሆን አደርገው ነበር። በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ግን አይተካም። የካፕሱሉም የሐኪሙም ዱቄት ስለሆኑ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። የሚለያዩት የትና መቼ እንደሚነሰነሱ ነው። ይህን ለመረዳት ብረት የገባበት ቁስል ለምን እንደሚያመረቅዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

በማንኛውም ቀዶ ሕክምና ጥቂት ባክቴሪያ ቁስሉ ውስጥ ይገባል። ክፍሉ የፈለገውን ያህል ንጹሕ ቢሆንም ይገባል። አብዛኛው የሚመጣው ከታካሚው ከራሱ ቆዳ ነው። ጤነኛ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ሰውነት ይጨርሰዋል፤ ብረት ሲኖር ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ኤሌክ እና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1957 ባሳተሙት ጥናት ይህን በፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ላይ ፈትነዋል። ቆዳው መግል እንዲቋጥር ስታፍ የሚባሉት የቆዳ ባክቴሪያዎች በሚሊዮኖች ያስፈልጉ ነበር። እዚያው የሐር ስፌት ክር ሲኖር ግን ጥቂት መቶዎች በቂ ሆኑ። አንዲት ቀጭን ክር ይህን ካደረገች፣ አንድ ሙሉ ፕሌት ከነብሎኖቹ ለባክቴሪያ ምን ያህል መጠጊያ እንደሚሆን ያስቡት።

ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ልጋግ የመሰለ ሽፋን ሠርቶ ከሥሩ ይደበቃል። ይህ ሽፋን ባዮፊልም ይባላል። ሽፋኑ አንዴ ከጠነከረ በኋላ ከሥሩ ያለውን ባክቴሪያ ለመግደል የሚያስፈልገው የመድኃኒት መጠን እስከ 1000 እጥፍ ሊያድግ ይችላል። ያን ያህል መድኃኒት በደም ሥር መስጠት አይቻልም፤ ሰውየው ራሱ ይመረዛል። ለዚህ ነው ሥር የሰደደ የብረት ኢንፌክሽን በክኒን ብቻ የማይድነው። ብዙ ጊዜ ዳግመኛ ከፍቶ መጥረግ፣ አንዳንዴም ብረቱን ማውጣት ይጠይቃል። ስለዚህ ወሳኙ ጊዜ ባክቴሪያው ገና ሳይለጠፍ ያሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ናቸው። የምንሰጠው መከላከያ ሁሉ እነዚያን ሰዓታት መያዝ አለበት።

አሁን ወደ መርፌው ልምጣ። በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ የመከላከያው መሠረት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሴፋዞሊን ነው። ለአዋቂ 2 ግራም፣ ክብደቱ 120 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ 3 ግራም ይሰጣል። ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። ቀዶ ሕክምናው ከ4 ሰዓት በላይ ከቆየ ወይም ብዙ ደም ከፈሰሰ ይደገማል። የዚህ መርፌ ጥቅም በወሬ የሚነገር ብቻ አይደለም። በኔዘርላንድስ ተሠርቶ በ1996 የታተመ ጥናት ያልተከፈተ ስብራት ኖሯቸው ብረት የገባላቸውን 2195 ሰዎች ተከታትሏል። ለግማሾቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ዶዝ ሴፍትሪያክሶን ተሰጠ። ለቀሩት ምንም መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጠ። መድኃኒቱን ካላገኙት 8.3 በመቶው ቁስላቸው ተመረዘ፤ ካገኙት ግን 3.6 በመቶው ብቻ። አንድ መርፌ ነው ይህን ያደረገው።

ሰዓቱ ላይ እንዲህ የምናከርረው በምክንያት ነው። የእግር ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ደም እንዳያስቸግር ጭኑ ላይ የሚነፋ ማሰሪያ ይታሰራል። ማሰሪያው ከተነፋ በኋላ ከእሱ በታች ደም አያልፍም፤ መድኃኒትም አያልፍም። መርፌው ከዚያ ወዲያ ቢሰጥ በቀረው ሰውነት ብቻ ይዞራል፤ የተሰበረው እግር ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ መጀመሪያ መድኃኒቱ ይገባል። ደቂቃዎች ቆይቶ ሥጋውና አጥንቱ ውስጥ ሲዳረስ ማሰሪያው ይነፋል። ይህ ቀላል የሚመስል ቅደም ተከተል በጣም ብዙ ነገር ይወስናል።

ታዲያ መርፌው ይህን ያህል ከሠራ ዱቄቱ ለምን? መርፌው የሚሄደው ደም በሄደበት ስለሆነ ነው። የወንድምዎ ዓይነት ስብራት የሚከሰተው ብዙ ጊዜ በኃይለኛ ምት ነው። በዙሪያው ያለው ሥጋ ተጨፍልቋል፣ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ተበጥሰዋል፣ የአጥንት ስብርባሪዎች ከደም ተለያይተዋል። የፕሌቱ ገጽም ደም የለውም። መድኃኒቱ በጣም የሚፈለግበት ቦታ ላይ በጣም በጥቂቱ ይደርሳል ማለት ነው። ዱቄቱ ይህን ክፍተት ነው የሚሞላው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሌቱ ከተቀመጠ፣ ብሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ ቁስሉ በብዙ ሴላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ይታጠባል። ውሃው ተመጥጦ ይወጣል። ከዚያ ንጽሕናው የተጠበቀ፣ ለመርፌ የተዘጋጀ 1 ግራም ቫንኮማይሲን ከነጠርሙሱ ይቀርባል። በውሃ አይበጠበጥም፤ በደረቁ ይነሰነሳል። ቀዶ ሐኪሙ ከጥልቁ ይጀምራል። ፕሌቱ ላይ፣ በአጥንቱ ዳር፣ ጡንቻው ሥር እያደረገ ይበትነዋል። ከዚያ በኋላ አይታጠብም። ወዲያው ሥጋው በየደረጃው ይሰፋል፣ ቆዳው ይዘጋል። ዱቄቱ ቁስሉ ውስጥ በሚጠራቀመው ፈሳሽ ይሟሟል። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው የመድኃኒት መጠን በመጀመሪያው ቀን በአንድ ሚሊ ሊትር በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮ ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ተራውን ስታፍ ለመግታት ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ማይክሮ ግራም ይበቃል። በቀናት ውስጥ መጠኑ እየወረደ ይሄዳል። ቁስሉ ላይ የፈሳሽ መምጠጫ ቱቦ ከተተወ ግን መድኃኒቱን ይዞት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ቱቦ ካላስፈለገ አያስገባም።

ማስረጃው ምን ይላል? እዚህ ላይ ሳላጋንን ልንገርዎ። ለወንድምዎ በጣም የሚቀርበው ጥናት በአሜሪካ በ36 የአደጋ ሕክምና ማዕከላት ተሠርቶ በ2021 የታተመው ነው። የገቡበት 980 ሰዎች ከጉልበት በታች ያለው የአጥንቱ ጫፍ ወይም ቁርጭምጭሚት አጠገብ ያለው ጫፍ የተሰበረባቸው ናቸው። ሁሉም ለኢንፌክሽን በእጅጉ የተጋለጡ ነበሩ። እብጠታቸው እስኪቀንስ ሲጠብቁ የቆዩ፣ ስብራታቸው የተከፈተ፣ ወይም እግራቸው ውስጥ ግፊት ጨምሮ የጡንቻቸው ሽፋን የተቀደደላቸው ነበሩ። ግማሾቹ የተለመደውን መከላከያ አገኙ። ግማሾቹ በዚያ ላይ 1 ግራም የቫንኮማይሲን ዱቄት ተጨመረላቸው። በ6 ወር ውስጥ ጥልቅ ኢንፌክሽን የያዛቸው ዱቄቱን ካላገኙት 9.8 በመቶ፣ ካገኙት ደግሞ 6.4 በመቶ ሆኑ።

ልዩነቱ 3.4 በመቶ ነው። ወደ 30 ሰው ዱቄቱን ቢያገኝ አንድ ሰው ከጥልቅ ኢንፌክሽን ይተርፋል እንደማለት ነው። ግን በስታቲስቲክስ መስፈርት ውጤቱ ለጥቂት ነው ያላለፈው፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ የመሆን ዕድሉ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። አንድ ነገር ግን ትርጉሙን ያጠናክረዋል። ተመራማሪዎቹ በኋላ ኢንፌክሽኑን በባክቴሪያው ዓይነት ለይተው አዩት። ቫንኮማይሲን ሊገድላቸው በሚችሉት፣ እንደ ስታፍ ባሉት ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎች የመጣው ኢንፌክሽን ከ6.7 ወደ 3.3 በመቶ ወርዷል። ቫንኮማይሲን በማይነካቸው ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎች ብቻ የመጣው ግን አልተለወጠም ማለት ይቻላል። መድኃኒቱ ይሠራል ተብሎ በሚጠበቅበት ቦታ ሠርቷል፤ በማይጠበቅበት አልሠራም። ከመድኃኒቱ ጠባይ ጋር የሚሄድ ውጤት ነው። እኔ ዱቄቱን የምደግፈው ለዚህ ነው። «ዱቄት ከተነሰነሰ አይመረዝም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝም የማልስማማው ለዚሁ ነው። ከ100 ሰው 6ቱ ዱቄቱን አግኝተውም ተመርዘዋል።

ደግሞ ሕክምናው በዚህ ረገድ አንድ ጊዜ ተታልሏል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሰልፋ የሚባለው መድኃኒት ሲመጣ ሐኪሞች ክፍት ስብራት ውስጥ በዱቄት መልክ መነስነስ ጀመሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የአሜሪካ ወታደር የሰልፋ ዱቄት በጥቅል ይዞ ይዘምት ነበር። ቁስል ሲደርስበት ቀድዶ ይነሰንሰዋል። ተስፋው ትልቅ ነበር። ነገሩ ሲጠና ግን የሞተ ሥጋና ቆሻሻ ባለበት ቁስል ላይ ዱቄቱ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም አልነበረውም። ሰውን ያዳነው የሞተውን ሥጋ ቆርጦ ማውጣትና በደንብ ማጠብ ሆኖ ተገኘ። ልማዱም ቀስ በቀስ ቀረ። ዛሬም ቢሆን ዱቄቱ የሚጠቅመው በደንብ የተጠረገ ቁስል ውስጥ ነው። ለተዝረከረከ ቀዶ ሕክምና ማካካሻ አይሆንም።

ስለ ኩላሊት ያነሱት ሥጋት ተገቢ ነው፤ ቫንኮማይሲን በደም ሥር ለቀናት ሲሰጥ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። እዚህ ላይ ግን መጠኑን ይዩት። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በደም ሥር የሚሰጠው አንድ ዶዝ ወደ 1 ግራም ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ይደጋገማል። ቁስሉ ውስጥ የሚነሰነሰው 1 ግራም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ቢገባ እንኳ ከአንድ ዶዝ አይበልጥም። በተግባር የሚገባው በቀስታና በጥቂቱ ስለሆነ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን በጣም ዝቅተኛ ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ይህ አያሳስብም። ቀድሞ የኩላሊት ሕመም ካለበት፣ ወይም ኩላሊትን የሚነኩ እንደ ጄንታማይሲንና ቶብራማይሲን ያሉ አንቲባዮቲኮች ከተጨመሩበት ግን ሐኪሙ ማወቅና መከታተል አለበት።

አለርጂ ሌላው ነገር ነው። በዱቄቱ ምክንያት ከባድ አለርጂ ወይም የደም ግፊት መውደቅ የገጠማቸው ሰዎች አሉ፤ እጅግ ጥቂት ናቸው። ወንድምዎ ከዚህ በፊት ቫንኮማይሲን ወስዶ ሰውነቱ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው አሁኑኑ ለሐኪሙ ይናገር። ስለ ፔኒሲሊን አለርጂም እንዲሁ፤ የሚመረጠውን መርፌ ሊወስን ይችላል። «ብዙ ቢነሰነስ ይሻላል» የሚል ሐሳብ ካለም ይቅር። በጣም የበዛ መጠን አጥንት የሚሠሩትን ሴሎች እንደሚጎዳ የላቦራቶሪ ሥራዎች አሳይተዋል። አጥንቱ እንዲገጥም ነው የምንለፋው፤ ስለዚህ 1 ግራሙ ይበቃል።

ክፍት ስብራት ቢሆን ኖሮ ምላሼ ትንሽ ይሰፋ ነበር። እዚያ የኢንፌክሽን አደጋው በጣም ይለያያል። በጠባብ ቀዳዳ ብቻ የተከፈተ ስብራት ላይ ብዙ ጊዜ ከ2 በመቶ አይበልጥም። ሥጋው ተገሽልጦ አፈር የገባበት ላይ ግን ከ10 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። እንዲህ ባለው ቁስል አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ በዶቃ መልክ እየተሠራ ይቀመጣል። በ1995 የታተመ የ1085 ክፍት ስብራቶች ዘገባ ላይ በደም ሥር ብቻ ሕክምና ያገኙት 12 በመቶ ተመርዘዋል፤ ቶብራማይሲን ያለበት ዶቃ የተጨመረላቸው ደግሞ 3.7 በመቶ። ጥናቱ በዕጣ የተመደበ ስላልሆነ ልዩነቱ ሁሉ የዶቃው ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም አስተማማኝ የሆነ አቅጣጫ ያሳያል። የዶቃው ችግር በሌላ ቀዶ ሕክምና መውጣት ያለበት መሆኑ ነው። በራሱ የሚሟሟ የካልሲየም ዶቃ አለ፤ እሱ ደግሞ ቁስሉን ለሳምንታት ፈሳሽ ሊያስለቅሰው ይችላል። ለወንድምዎ ሁለቱም አያስፈልጉም።

ማጠቢያው ውሃ ውስጥ አንቲባዮቲክ መጨመርም ከዱቄቱ ጋር አንድ አይደለም። ውሃው ታጥቦ ይወጣል፤ መድኃኒቱም አብሮት ይሄዳል። በ2005 የታተመ ጥናት ክፍት የእግር ስብራት ላይ ባሲትራሲን የገባበትን ማጠቢያ ከሳሙና ውሃ ጋር አወዳድሮ ነበር። በኢንፌክሽን ልዩነት አልተገኘም። በባሲትራሲን የታጠቡት ግን ቁስላቸው ለመዳን የበለጠ ተቸገረ። ሳሙናውም ቢሆን አሸናፊ አልሆነም። ከ2400 በላይ ሰዎችን ያካተተ በ2015 የታተመ ጥናት በሳሙና ከታጠቡት 14.8 በመቶ፣ በተራ ሴላይን ከታጠቡት 11.6 በመቶ ዳግም ቀዶ ሕክምና እንዳስፈለጋቸው አሳይቷል። ብዙ ተራ ሴላይን ይበቃል። እዚህ ላይ ርካሹ ነገር ነው የተሻለው።

ወደ ካፕሱሉ ልመለስ፤ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በደንብ የተሰፋ ቆዳ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ላዩን ይገጥማል። ከዚያ በኋላ ስፌት ላይ ዱቄት መነስነስ በተዘጋ በር ላይ ቆሞ ቤት ውስጥ ያለውን እሳት ለማጥፋት ውሃ እንደመርጨት ነው። ፕሌቱ ያለው ከቆዳው፣ ከሥሩ ካለው ስብና ከጡንቻው በታች ነው። ካፕሱል ደግሞ ለመዋጥ የተሠራ ነው። ውስጡ ከመድኃኒቱ ሌላ ማሟያ ዱቄት አለው። እንደ መርፌ ጠርሙስ ከባክቴሪያ ነጻ ተደርጎ አልተዘጋጀም። በእጅ ሲፈታ የእጅን ቆሻሻ ይጨምራል። ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ተጋግሮ ቅርፊት ይሠራል፤ ከሥሩ መግል ቢጠራቀም አይታይም። ቆዳውን አስቆጥቶ ሊያሳክክና ሊያቀላ ይችላል፤ ያኔ ሐኪሙ ኢንፌክሽን ይሁን አለርጂ ለመለየት ይቸገራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በትንሽ በትንሹ የሚነካ አንቲባዮቲክ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችን ያበራክታል። ነገ በእውነት ሲያስፈልግ አይሠራም።

የአንቲባዮቲክ ቅባትስ? እሱም ለንጹሕ ስፌት አያስፈልግም። በ1996 የታተመ ጥናት ቀላል የቆዳ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 922 ሰዎች ተራ ቫዝሊንና የባሲትራሲን ቅባት በሚቀቡ ከፍሎ ተከታተለ። በኢንፌክሽን መጠን የሚያሳምን ልዩነት አልነበረም። የቆዳ አለርጂ ግን ባሲትራሲን በተቀቡት ላይ ብቻ ታየ። ኒዮማይሲን ያለበት ቅባትም በአለርጂ ይታወቃል። ስለዚህ ስፌቱ ላይ የሚያስፈልገው ንጹሕና ደረቅ መሸፈኛ ነው። ሐኪሙ በነገራችሁ ቀን፣ እጅን በሳሙና ታጥቦ መቀየር ይበቃል።

ክኒን ላይም አንድ ቃል ልበል። ብዙ ቤተሰብ «ለመከላከያ» ተብሎ የሳምንት አንቲባዮቲክ ካልተጻፈለት የተረሳ ይመስለዋል። ቆዳው ላልተቀደደ ስብራት መከላከያው ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ያበቃል። ከዚያ በላይ ማራዘም ኢንፌክሽን እንደማይቀንስ የታወቀ ነው። የሚጨምረው ተቅማጥንና መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያን ነው። ሐኪሙ ክኒን ሳይጽፍ ቢያሰናብታችሁ ትክክል ሠርቷል ማለት ነው።

አሁን በእጃችሁ ያለውን ነገር ልንገርዎ፤ ከዱቄቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። አንደኛው ሲጋራው ነው። ኒኮቲን ትንንሾቹን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ቁስሉ ዘንድ የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። ክፍት የቅልጥም ስብራት ባለባቸው ሰዎች ላይ በተሠራ የታወቀ ክትትል አጫሾች ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድላቸው ከማያጨሱት ከእጥፍ በላይ ነበር። ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ የመግባት ዕድሉ ደግሞ 3.7 እጥፍ ነበር። ዱቄቱ ያስገኘውን ልዩነት ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ወንድምዎ ዛሬ ያቁም። አጥንቱ እስኪገጥም፣ ማለትም ለወራት፣ አይመለስበት። «ቀዶ ሕክምናው ሳምንት ነው የቀረው፣ አሁን ማቆም ምን ይጠቅማል» ካለዎት፣ ቁስሉ የሚድነው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መሆኑን ይንገሩት።

ሁለተኛው ከውጭ የታሰረው ብረት ነው። ፒኖቹ ቆዳውን በስተው የገቡበት ቦታ የባክቴሪያ መግቢያ ነው። በታዘዘው መሠረት በየጊዜው ይጽዳ። አንዱ ቀዳዳ ከቀላ፣ መግል ካወጣ ወይም ፒኑ ከተነቃነቀ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ንገሩ። ፕሌቱ የሚያርፈው እዚያው አካባቢ ከሆነ ሐኪሙ ቀኑን ሊያራዝም ይችላል፤ ማራዘሙ ያዋጣል። እብጠቱም እንዲሁ ነው። የተወጠረና የሚያብለጨልጭ ቆዳ ላይ ቢቀደድ ስፌቱ አይገጥምም። ቆዳው ሲላላና ትንንሽ መጨማደድ ሲያሳይ ነው ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው። ቀዶ ሕክምናው ለዚህ ተብሎ ቢዘገይ አትቆጡ፤ እግሩን ከፍ አድርጎ መተኛቱ ይረዳል።

ሦስተኛው ምላጭ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት እግሩን ቤት ውስጥ በምላጭ አትላጩለት። ምላጭ ዓይን የማያየው ጭረት ይተዋል፣ ባክቴሪያ እዚያ ይራባል። ፀጉሩ መነሳት ካለበት ሐኪም ቤት በማሽን ይቆረጣል። በዚያው ቀን ገላውን በሳሙና ይታጠብ። ቆዳው ላይ የሚቀባው ፀረ ተህዋስያንም ለውጥ ያመጣል። በ2024 የታተመ ትልቅ ጥናት ያልተከፈተ ስብራት ላይ አዮዲን ያለበት አልኮል የተቀቡት 2.4 በመቶ፣ ክሎርሄክሲዲን ያለበት አልኮል የተቀቡት ደግሞ 3.3 በመቶ መመረዛቸውን አሳይቷል። እዚህ ላይ ምርጫው የእናንተ አይደለም፤ ሐኪሙን ግን መጠየቅ ይችላሉ። ስኳር የለበትም ብለውኛል። ተመርምሮ ከሆነ ጥሩ። ካልተመረመረ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደሙ ይታይ፤ ሳያውቁት ስኳር ያለባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ከባድ ጉዳት ራሱም ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። የሐኪሙን ዕቅድ ይቀበሉ፤ በደም ሥር የሚሰጠው በሰዓቱ ይግባ፣ ዱቄቱም በላዩ ይጨመር። የወንድምዎ ስብራት ዱቄቱ በተፈተነባቸው ሰዎች ዓይነት ነው፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ማጨሱም አደጋውን ይጨምራል። ሐኪሙ በሆነ ምክንያት ዱቄቱን ቢተወው ግን ወንድምዎ ተጎዳ ማለት አይደለም። መርፌው በሰዓቱ ከተሰጠ፣ ቁስሉ በደንብ ከታጠበና ሥጋው በክብካቤ ከተያዘ ዋናው ሥራ ተሠርቷል። ለቀላል ስብራት፣ ለምሳሌ ጤነኛ ወጣት ክንድ ላይ ለሚገባ ትንሽ ፕሌት፣ እኔ ዱቄት አልጨምርም።

ቤት ከገባችሁ በኋላ እነዚህን ተከታተሉ። ሕመሙ መቀነስ ጀምሮ ተመልሶ ከጨመረ፣ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ከሳምንት በኋላም ቁስሉ ፈሳሽ ካላቆመ፣ መግል ወይም ሽታ ካለ፣ ስፌቱ ከተከፈተ ወይም ከተኮሰው ያኑ ዕለት ለሠራው ሐኪም አሳዩት። ትኩሳት የሌለበት ኢንፌክሽንም አለ፤ «አላተኮሰውም» ብላችሁ አትዘናጉ። አንዳንዱ ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው። ያኔ ምልክቱ አጥንቱ አልገጥም ማለቱ ወይም ጠባሳው ላይ ብጉር የመሰለ ቀዳዳ ወጥቶ ማዥቱ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ግን ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አታስጀምሩት። ክኒኑ ከላይ ያለውን ባክቴሪያ ያደክመዋል፣ ብረቱ ላይ ያለውን ግን አይገድለውም። ከዚያ ሐኪሙ ከጥልቁ ናሙና ወስዶ ሲያስመረምር ባክቴሪያው አይበቅልም፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም አይታወቅም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ቁስሉ ተጠርጎ፣ ብረቱ ሳይወጣ፣ በ12 ሳምንት ገደማ በሚወሰድ አንቲባዮቲክ አጥንቱ እስኪገጥም ማቆየት ይቻላል። ወንድምዎ ራሱን ካዞረው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ የቀጠሮውን ቀን አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።